የጎልማሶች ትምህርት አመቻች በራሱ ክፍል ላይ ምርምር እንዴት ይሠራል?

ጎልማሶችን ፊደል የምታስቆጥሩ ሰዎች፣ ክፍላችሁን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ችግሩ ይህ እውቀት አለመጻፉ ነው። ሪፖርት ላይ የሚወጣው ስንት ተመዘገበ፣ ስንት ጨረሰ የሚለው ብቻ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን አስተምሯል፤ በዩኔስኮ በኩልም ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ከተማሩት ብዙዎቹ ግን የሚያነቡት ነገር አጥተው መልሰው ረሱት። እንዲህ ያለውን ነገር ገና ሲጀምር የሚያየው ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ነው።

መምህራን ተግባራዊ ምርምር የሚሉት የራስን ሥራ ማየት፣ አንድ ነገር መለወጥ፣ ውጤቱን መዝግቦ እንደገና ማየት ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶና ሁለት ወር ገደማ ይበቃል።

መጀመሪያ ጥያቄውን አሳንሱት። «ጎልማሶች ለምን ያቋርጣሉ?» ለአንድ ክፍል በጣም ሰፊ ነው። «በገበያ ቀን ማን ይቀራል?» ወይም «ሳድስ ፊደል ላይ ለምን ይሰናከላሉ?» ቢሆን ግን መልሱን ራሳችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ፈቃድ ጠይቁ። ምን እንደምትጽፉ፣ ማን እንደሚያየው፣ እምቢ ያለ ሰው ትምህርቱ እንደማይቀርበት በግልጽ ንገሯቸው። በጉባኤ አትጠይቁ፤ ሰው በይሉኝታ እሺ ይላል። ለየብቻ ጠይቁ። አስፈርሙ የሚል ካልመጣ በቀር በቃል ይብቃችሁ። ማንበብ በማይችሉት ወረቀት ላይ አሻራ ማኖር ያስመረራቸው ሰዎች ናቸው።

ከዚያ መመዝገብ ነው። እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ክፍሉ ባለቀበት ምሽት፣ ሳይረሳ ጻፉ። የምትጽፉት ፍርዳችሁን ሳይሆን ያያችሁትንና የሰማችሁትን ይሁን። አንዲት እናት «ልብስ» የሚለውን ቃል «ለበሰ» ብለው አነበቡ እንበል። ደብተራችሁ ላይ «ተሳሳቱ» ብቻ ካላችሁ ምንም አልያዛችሁም። «ልብስን ለበሰ አሉ» ካላችሁ ግን ብዙ ይናገራል፦ ለን፣ በንና ሰን ለይተዋል፤ የጠፋባቸው ሳድሱ ነው። ሳድስ ደግሞ በእርግጥ ያስቸግራል። ካዕብ በአብዛኛው በቀኝ መሐሉ ላይ በምትወጣ ጭረት ይታወቃል፤ ሳድስ ግን ከፊደል ፊደል መልኩን ይቀያይራል። ል፣ ር፣ ን፣ ት ጎን ለጎን ጽፋችሁ እዩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጣሩ። ከ40 ዓመት ወዲህ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ለብዙ ሰው ይደበዝዛል። ያንኑ ቃል በትልቁ ጽፋችሁ አስነብቡ። ከተሻሻለ ችግሩ የዓይን ወይም የመብራት ሊሆን ይችላል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ከማስባል ይልቅ ለአራት ሳምንት «ብር»፣ «ልጅ»፣ «ስም» ከሚሉት ቃላት ጀምሩ። ሦስቱም ሙሉ በሙሉ ሳድስ ናቸው፤ ተማሪዎቹም በየቀኑ የሚጠሯቸው ናቸው። በዚያው ሰሞን የትምህርት ሰዓቱንም ከቀየራችሁ ግን ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ወቅቱንም ዳር ላይ ጻፉ፦ አረም፣ አጨዳ፣ ልቅሶ፣ የታቦት ንግሥ። ኅዳር ላይ ሰው ሲቀር ጥፋቱ የዘዴው ላይሆን ይችላል።

በመጨረሻው ሳምንት፣ ከለውጡ በፊት ያስነበባችኋቸውን ቃላት መልሳችሁ አስነብቡና ሁለቱን አወዳድሩ። ትርጉሙን ብቻችሁን አትወስኑ። ተማሪዎቹን ሰብስባችሁ «ይህን አየሁ፤ ለምን ይመስላችኋል?» በሏቸው። እናንተ ዘዴው ነው ስትሉ፣ እነሱ «ማታ ማታ ልጄ ስለሚያስነብበኝ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ይህም ይጻፍ። ምርምሩ የእነሱም ነው።

ውጤቱን በሁለት ገጽ ጻፉና በአመቻቾች ስብሰባ ላይ አቅርቡት። ያልሠራውንም አስገቡ፤ ለባልደረባችሁ ከተሳካው ያላነሰ ይጠቅመዋል። ስም አትጥቀሱ። በትንሽ ቀበሌ «ጠላ የምትሸጠዋ» ማለት ራሱ ስም መጥራት ነው። ለሱፐርቫይዘሩ ከመስጠታችሁ በፊት ለተማሪዎቹ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ይውጣ ያሉትን አውጡ።