ቦርድ ስትመርጡ ቅርጫ አታድርጉት

ባሕር ዳር ላይ ለሁለት ሦስት አክሲዮን ማኅበራት የቦርድ ጸሐፊ ሆኜ ዓመታት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። ጸሐፊ ድምፅ አይሰጥም። ማን ሰነዱን አንብቦ እንደመጣ፣ ማን ፖስታውን እዚያው ወንበሩ ላይ እንደቀደደ ግን ያያል።

ሰሞኑን አንድ ወጣት ሥራ አስኪያጅ የቦርድ ዕጩዎቹን ዝርዝር ይዞልኝ መጣ። በአምስት ሠራተኛ ጀምሮ ስልሳ ያደረሰ ጎበዝ ልጅ ነው። ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቆሮሶ እየበላን አነበብኩት። ከሰባቱ ስም አምስቱን አገር ያውቃቸዋል። ዓሣው አልወርድ አለኝ።

ሰውን በስሙ መምረጥ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ስህተት ነው። «እሳቸው ካሉ በር ይከፈታል» ይባላል። ይከፈት ይሆናል። የእኛ ስብሰባ በር ግን ሳይከፈት ይውላል። ትልቅ ሰው ጊዜ የለውማ! አንዱ ለቅሶ አለበት፣ አንዱ ሽምግልና ተቀምጧል፣ አንዱ አዲስ አበባ ከሄደ ሳምንቱ። ሰኔ 2016 ላይ የዱቄት ማሸጊያ ማሽን ልንገዛ ነበር። ፕሮፎርማው በብር ነው፤ የሚጸናው እስከ ሰኔ 30። አባላቱ ሰባት ናቸው፣ ስብሰባ ለመጀመር አራት ሰው ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስት መጡ። ቡና ጠጥተን ተበተንን። በሁለተኛውም ሦስት። በሦስተኛው አራተኛው ሰው ብቅ አሉልን ስንል ስልክ ተደወለላቸውና «መጣሁ» እንዳሉ ቀሩ። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። አዲሱን ፕሮፎርማ ሳነብላቸው ሰብሳቢው «ለምን ቀደም ብላችሁ አልጠራችሁንም?» አሉ። «ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ» ብዬ የጻፍኩባቸው ሦስት ገጾች ፊታቸው ተዘርግተዋል።

ስለዚህ ዕጩውን ከምንም በፊት «አሁን የስንት ቦርድ አባል ነዎት?» በሉት። አራት ካለ ቡናውን ክፈሉና አመስግናችሁ ተለያዩ።

ሌላው ቅርጫው ነው። ለመሥራቾቹ አንድ መደብ፣ ለአጎት ልጆች አንድ፣ ለመራዊ ባለአክሲዮኖች አንድ፣ ለሐሙሲት አንድ። ሥጋ ሲሆን ደስ ይላል። ቦርድ ላይ ግን የሐሙሲቱ ሰው ስለ ሐሙሲት ሱቅ ካልተነሳ አፉን አይከፍትም።

ሁሉንም ነጋዴ ወይም ሁሉንም መሐንዲስ ማድረግም አለ። የሂሳብ ሪፖርት የሚያነብ አንድ ሰው እንኳ ይኑር፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

የአባላቱን አበል ከምርጫው በፊት ወስኑ። በኋላ ሲሆን ያጣላል።

«ባለአክሲዮን ያልሆነ ሰው አይቻልም» የሚሉም አሁንም ያጋጥሙኛል። የ1952ቱ ንግድ ሕግ እንደዚያ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ ሕግ ከውጭም ሰው ማስገባት ፈቅዷል። ቁጥሩ ግን ገደብ አለው፤ አዋጁን ገዝታችሁ አንብቡ፣ ወይ ጠበቃ ጠይቁ።

አሁን የራሴን ልናገር። አንድ ጊዜ ስንዴ አቅራቢያችንን ራሴ ጠቁሜ አስመረጥኩ። ጨዋ ሰው ነው፣ ገበያውን እንደ መዳፉ ያውቃል ብዬ። የስንዴ ዋጋ አጀንዳ የሆነ ቀን ሻጩ ከገዢዎቹ ጋር ተቀምጦ ያወያያል! «ዘንድሮ ስንዴ የለም፣ ቶሎ ብንገዛ ይሻላል» አለ። እኔ ከደብተሬ ቀና ማለት አቃተኝ። ሰውየው ሌባ አልነበረም። እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

የመጨረሻው፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ እሺ ባይ እየለቀመ መሰብሰቡ ነው። ጭንቅላት መነቅነቅ ለአጭር ጊዜ ይመቻል። ከማይነቀንቁት አንዷን አውቃለሁ፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው። ሰነዱን በእርሳስ አስምረውበት ይመጣሉ፣ ያለፈውን ቃለ ጉባኤም በፌስታል ይዘው። አንድ ቀን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ተሰብሳቢ ሂሳብ አምናም ካቻምናም እዚሁ ነበር። ለመሆኑ ባለዕዳው በሕይወት አለ?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ሄደን ስናጣራ ሱቁ ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ። በአንድ የብድር ጉዳይ ደግሞ ስድስቱ እጅ ሲያወጡ እሳቸው «ልዩነቴ ይጻፍልኝ» አሉኝ፤ ጻፍኩ። በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ አልተመረጡም።

የልጁን ዝርዝር ስመልስለት ሦስት ስም ሰርዤ፣ ጠርዙ ላይ የእሳቸውን ስምና ስልክ ጻፍኩለት። አይቶ ደነገጠ።

«ጋሼ፣ እኚህ እኮ ያስተማሩኝ ናቸው። ይቆጡኛል።»

«በደንብ» አልኩት።