ቢቢኤስ ፊርማ በጃቫስክሪፕት፦ እምቢ ሲላችሁ የት እንደምትፈልጉ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ለአንድ የገበሬዎች ማህበር የአባልነት ካርድ እየሰራሁ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ገበሬው ዘር ሊገዛ ሲሄድ ስልኩን ያሳያል። ሱቁ አባልነቱንና ቀበሌውን ብቻ ያያል፤ የመሬቱን ስፋትና ያለበትን ብድር አያይም። የሰው ብድር ገበያ ላይ ከወጣ ምን እንደሚከተል እናንተው ታውቁታላችሁ።

ለዚህ የሚሆነው ቢቢኤስ የሚባለው ፊርማ ነው፤ መሠረቱ ቦኔህ፣ ቦየንና ሻቻም እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ስራ ነው። ብዙ መረጃ በአንድ ፊርማ ይፈረማል፣ ባለቤቱ ደግሞ የፈለገውን ገልጦ የቀረውን ሸፍኖ ማስረጃ ያወጣል። ስሌቱ ስለሚከብድ ብዙ ጊዜ ረስት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፎ ወደ ዌብአሴምብሊ (በአጭሩ ዋዝም፣ ብራውዘር ውስጥ የሚሮጥ ኮድ) ይቀየራል፣ ጃቫስክሪፕት ከላይ ሆኖ ይጠራዋል። ጣጣው ሁሉ ያለው እዚች መገናኛ ላይ ነው።

«ገና ስጠራው አንዲፋይንድ ይለኛል»

የዋዝም ፋይሉ ተጭኖ ሳያልቅ ነው የጠራችሁት። የማስጀመሪያውን ፈንክሽን በአዌይት ጠብቁት፣ ከዚያ ፈርሙ። ይኸው ነው።

«ላፕቶፔ ላይ ይሰራል፣ ሰርቨር ላይ እምቢ አለ»

ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ሰርቨሩ ፋይሉን «አፕሊኬሽን/ዋዝም» ብሎ ነው መላክ ያለበት፤ ሌላ ስም ከሰጠው ብራውዘሩ እያወረደ ማጠናቀር አይችልም። ሁለተኛ፣ ሲኤስፒ (ገጹ የትኛውን ኮድ እንደሚያሮጥ የሚወስን ደንብ) ካላችሁ የስክሪፕት መስመሩ ላይ «ዋዝም-አንሴፍ-ኢቫል» ጨምሩ። አንዳንዱ ሰው ሲቸኩል «አንሴፍ-ኢቫል»ን ሙሉውን ይከፍተዋል። ለአንድ በግ ብሎ አጥሩን ሁሉ ማፍረስ ነው፣ አታድርጉት።

«ቁልፍ ስፈጥር ስለ ራንደም ያማርራል»

ዋዝም የራሱ የዕጣ ምንጭ የለውም። ከጃቫስክሪፕቱ ክሪፕቶ ነው የሚለምነው። ብራውዘር ላይ አለ፤ ሰርቨር ላይ ጃቫስክሪፕት በሚያሮጠው ኖድ ግን ከ19 በፊት ክፍት ሆኖ አይጠብቃችሁም፣ ከክሪፕቶ ሞጁሉ ዌብክሪፕቶን አውጥታችሁ ግሎባልዚስ ላይ መስቀል አለባችሁ። ረስቱን ራሳችሁ የምታጠናቅሩ ከሆነም የጌትራንደም ላይብረሪ ለጃቫስክሪፕት የተሰራውን አማራጭ መክፈታችሁን አረጋግጡ። በጃቫስክሪፕቱ ተራ የዕጣ ፈንክሽን፣ በማዝ ራንደም፣ ልተካው የሚል ካለ እጁን ይሰብስብ። ቁልፉ የሚገመት ይሆናል።

«ፊርማው መጀመሪያ ነበረ፣ ቆይቼ ሳየው ርዝመቱ 0 ሆነ»

የያዛችሁት ፊርማውን ሳይሆን የዋዝም ሜሞሪ ላይ የተከፈተ መስኮት ነው። ሜሞሪው በ64 ኪሎባይት ገጽ ሲያድግ የድሮው መስኮት ይዘጋል። እንደመጣላችሁ በስላይስ ቅዱት። ሰብአሬይ አይጠቅምም፣ እሱም ያው መስኮት ነው።

«ምንም ስህተት የለም፣ ግን ማረጋገጫው ፎልስ ይላል»

ይኼኛው ሦስት ቀን በላኝ። መጀመሪያ ርዝመት ለኩ፦ የአደባባይ ቁልፉ 96 ባይት፣ ፊርማው በቆየው ቢቢኤስ ፕላስ 112፣ በአዲሱ የቢቢኤስ መስፈርት ረቂቅ 80። 112 እና 80 ከተደባለቁ ሁለት የተለያየ ላይብረሪ ነው ያላችሁ። ከዚያ የመልእክቶቹን ተራ እዩ፣ ቆጠራው ከ0 ነው የሚጀምረው። ኖንሱም (ለአንድ ማስረጃ ብቻ የሚወጣው የዕጣ ቁጥር) ማስረጃውን ባወጣውና ባረጋገጠው ዘንድ አንድ መሆን አለበት።

እኔ ይህን ሁሉ አይቼ አሁንም ፎልስ። ለካ ችግሩ ስም ነው። ለሙከራ ስምም እንዲገለጥ አድርጌ ነበር፤ መዝገቡን ደብረ ማርቆስ ላይ አንዱ ጻፈ፣ ሉማሜ ላይ ደግሞ ስሙን ስልኩ ላይ ሌላ ልጅ እንደገና ጻፈው። አንዱ «ዓለምፀሐይ» አለ፣ አንዱ «አለምጸሀይ»። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለፊደል ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ በዩኒኮድ ግን፣ በሄክስ (በ16 መሠረት) ሲቆጠር፣ ሀ 1200 ነው፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280፤ ጸ 1338፣ ፀ 1340። ስሙ 6 ፊደል ነው፣ በዩቲኤፍ-8 18 ባይት። ዓ በ4 መንገድ ይጻፋል፣ ፀ በ2፣ ሐ በ6። 48 ዓይነት ዓለምፀሐይ አለች ማለት ነው፣ የተፈረመላት አንዷ ብቻ ናት።

ኤንኤፍሲ (የዩኒኮድ አጻጻፍ ማስተካከያ) ያስተካክለዋል ብዬ ነበር። አልነካውም፤ ለዩኒኮድ እነዚህ ጭራሽ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እውነቱን ነው እንጂ። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ ነው፣ ሰረቀ ደግሞ ሌባው ነው፣ ይህን ቅኔ ቤት ውስጥ አደባልቃችሁ እዩት፣ የኔታ ምን እንደሚሏችሁ። ኮምፒውተሩ ከየኔታም ይብሳል፣ የት ጋ እንደተሳሳታችሁ እንኳ አይነግራችሁም።

መላው፦ የሁለቱን ወገን ባይት በሄክስ ጎን ለጎን አውጡና የሚለያዩበትን ቦታ ፈልጉ። መጨረሻ ላይ የተረሳ ክፍት ቦታና በሁለት ነጥብ የተለየ ስምም እዚሁ ይጋለጣል። ከዚያ ማንም ስሙን እንደገና እንዳይጽፍ አድርጉ፤ የተፈረመው ባይት እንዳለ ከፊርማው ጋር ወደ ስልኩ ይሂድ። ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ አጥፎ መፈረምም ይቻላል፣ ሁለቱም ወገን አንድ ሰንጠረዥ ከያዘ ይሰራል። እኔ ግን አልወደድኩትም፣ የሰው ስም ነው።

«ስልኩ ይደርቃል»

ስሌቱን ወደ ወርከር፣ ከጀርባ ወደሚሰራው ሌላ ክር፣ አውጡት። ርካሽ ስልክ ላይ ዋናውን ክር ይዞ ከቆየ ስክሪኑ ላይ ያለ በተን እንኳ አይነካም።

«ሁሉም ትሩ ይላል፣ ሰውዬው ግን ይታወቃል»

ይህን ችግር ኮንሶል አያሳያችሁም። አንዱ ምክንያት ማስረጃ ማውጣት ትታችሁ ዋናውን ፊርማ መላካችሁ ነው፤ ፊርማው ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ራሱ መታወቂያ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሱቅ አዲስ ማስረጃ በአዲስ ኖንስ አውጡ። ሌላው እኔ የሰራሁት ነው፦ የካርድ ቁጥሩን ከተገለጡት ውስጥ ጥዬው ነበር። ያን ያህል ሒሳብ ሰርቼ ቁጥሩን ግንባሩ ላይ ለጥፌበት! አሁን የካርድ ቁጥሩም ስሙም ተሸፍነዋል። የቡሬውና የፍኖተ ሰላሙ ሱቅ መዝገባቸውን ቢያስተያዩ የሚገጥማቸው ቀበሌው ብቻ ነው። ከአንድ ቀበሌ አባሉ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ግን ቀበሌውም ስሙ ማለት ነው፣ እንዲህ ላለው በቀበሌ ፈንታ ወረዳውን እንዲገልጥ አድርጌያለሁ።