የኤቢጂ (በደም ቅዳ ደም ውስጥ ያሉ ጋዞችና የአሲድ መጠን ምርመራ) ንባብ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የሚገባውን ያህል ወርዷል?

ችግር፦ ውጤቱና የታካሚው ሁኔታ አይጣጣሙም።

በቅድሚያ የሚጠረጠረው ናሙናው ነው። መርፌው በደም ቅዳ ፈንታ ደም መልስ ውስጥ ከገባ ኦክስጅኑ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ደሙ ጠረጴዛ ላይ ከቆየም ሕዋሳቱ ኦክስጅን መጠቀማቸውን ስለማያቆሙ ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይጨምራል። መፍትሄው የአየር አረፋውን ወዲያው አስወጥቶ በ30 ደቂቃ ውስጥ ማስመርመር፣ ጥርጣሬ ካለም እንደገና መቅዳት ነው።

ችግር፦ ፒኤችም (የደም አሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድ በዝቷል ማለት ነው) ካርቦን ዳይኦክሳይድም ዝቅ ብለዋል፤ ታካሚው ግን እየደከመ ነው።

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ይህ ነው፤ ከቁጥሩ አጠገብ ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት ያየ ባለሙያ ሳንባው ሥራውን እየሠራ ነው ብሎ ሊረጋጋ ይችላልና። የስኳር ሕመም ያለበት፣ በኬቶን አሲድ ምክንያት በጥልቀት የሚተነፍስና አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ወጣት እንውሰድ፦ ፒኤች 7.14፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ባይካርቦኔት (አሲድን የሚያረክስ የደም ንጥረ ነገር) 10፣ ሶዲየም 134፣ ክሎራይድ 96። ባይካርቦኔቱ ከመደበኛው 22–26 እጅግ ስለወረደ መነሻው ሜታቦሊክ አሲዶሲስ፣ ማለትም ከአተነፋፈስ ውጪ በሆነ ምክንያት የመጣ የደም አሲድ መብዛት ነው። ከሶዲየሙ ላይ ክሎራይዱና ባይካርቦኔቱ ሲቀነሱ የሚገኘው አኒዮን ጋፕ 28 መሆኑም ያልተለካ አሲድ መከማቸቱን ያሳያል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ነገር ግን ሰውነት አሲዱን ለማካካስ በጥልቀት ተንፍሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስወጣት አለበት፤ የሚጠበቀውን መጠን ለማስላት ባይካርቦኔቱ በ1.5 ተባዝቶ 8 ሲደመርበት 23 ስለሚሆን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ21 እስከ 25 መውረድ ነበረበት። 30 ከመደበኛው 35–45 በታች ቢሆንም ከሚጠበቀው በላይ ነው፤ በአተነፋፈስ ድካም የመጣ ሁለተኛ አሲዶሲስ ተደርቧል ማለት ነው።

ስለዚህ ፈሳሽና ኢንሱሊን ብቻውን አይበቃም። ኢንሱሊን ፖታሲየምን ወደ ሕዋስ ስለሚያስገባ አስቀድሞ ፖታሲየሙ ይታያል፤ ከዚያም ወደ አልጋው ተመልሶ የታካሚውን ንቃት መመልከት፣ የሳንባ ምች መኖር አለመኖሩንም ማጣራት ያስፈልጋል። በማሽን እንዲተነፍስ ከተወሰነ የትንፋሹ መጠን ከፍ ተደርጎ መጀመር አለበት፤ በተለመደው ቁጥር ተትቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 40 ቢደርስ ፒኤቹ ወደ 7.02 ይወድቃል።

ችግር፦ ፒኤች 7.40፣ የመደበኛው መሃል ነው፤ ሌሎቹ ግን ተዛብተዋል።

የሰውነት ማካካሻ ፒኤችን እስከ መሃሉ የሚመልሰው እምብዛም ስለሆነ፣ ሁለት ተቃራኒ መዛባቶች ይፈለጉ። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ኖሮበት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 60፣ ባይካርቦኔቱ 36 ቢሆን፣ ለሳንባው ሕመም ማካካሻ ብቻ ቢሆን ባይካርቦኔቱ 32 ገደማ መሆኑ ይበቃ ነበር፤ ትርፉን ያመጣው መድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል መጠኑ ይታይ፣ የጎደለው ፖታሲየምና ክሎራይድም ይተካ።