በነገሥታቱ ዘመን የሴቶችን ድርሻ ለሚያጠኑ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ሴቶች ምን ድርሻ እንደ ነበራቸው ለመጻፍ የሚነሣ ሰው፣ ሁሉንም ሴቶች በአንድ ዓይን ከማየት መጠንቀቅ አለበት። በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ስም መንግሥቱን ሲመሩ፣ በዚያው ከተማ በጌታ ቤት እህል የምትፈጭ ባሪያ በገዛ ሰውነቷ እንኳ አታዝም ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ ሴቲቱ የማን ልጅ፣ የማን ሚስት ወይም የማን አገልጋይ እንደ ነበረች ይለይ።

ቀጥሎ ጋብቻዋ ይመርመር፤ ብዙው ነገር የሚገለጠው እዚያ ነውና። በሰማንያ፣ ማለት በሽማግሌ ፊት በውል በሚጸና ጋብቻ፣ የተጋባች ሴት ይዛ የገባችው ከብትና ጥሪት በሽማግሌ ፊት ተቈጥሮ ስለሚታወቅ፣ ፍቺ በመጣ ጊዜ የራሷን ወስዳ፣ አብረው ያፈሩትን ተካፍላ ትወጣ ነበር። በደመወዝ፣ ማለት በክፍያ ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ ጋብቻ፣ የገባችው ግን የተዋዋለችውን ክፍያ ትቀበል ነበር እንጂ ከባሏ ሀብት አትካፈልም ነበር። በአማራው አገር ሴት ልጅ ከእናትም ከአባትም ወገን ርስት፣ ማለት በዘር የሚወረስ መሬት፣ ትወርስ ነበር፤ ሆኖም በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ሥራ በመሆኑ መሬቷ በባሏ፣ በወንድሟ ወይም ምርቱን ለመካፈል በሚያርስ እኩል አራሽ እጅ ይውል ነበር። አጥኚው «ርስት ነበራት» ብሎ ሳያበቃ፣ ምርቱን ማን ይሰፍር እንደ ነበር ይጠይቅ።

ለዚህ ጥሩ ምንጭ የሚሆኑት በጎንደር ዘመን ብራናዎች ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የተጻፉት የመሬት ሽያጭና የስጦታ ውሎች ናቸው። ሴቶች በእነዚህ ውሎች ሻጭም ገዢም ሆነው ይገኛሉ፤ ከስማቸው ጋር የምስክሮቹና የዋሶቹ ስም አብሮ ይመዝገብ።

ውል ያልነበራቸውን ሴቶች ለማግኘት ግን ሥራቸውን መከተል ይሻላል። በገበሬ ቤት ወፍጮው ላይ አጎንብሳ መጅ የምትገፋው፣ ውኃ በእንስራ የምታመላልሰው ሚስቲቱ ራሷ ወይም ልጇ ናት፤ በመኳንንት ቤት ግን ወጥ ሠሪዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋና ጠጅ ጣይዋ ለየብቻ ናቸው፣ እመቤቲቱም ታዛለች። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌው ምሽግ የነበረውን የጣልያን ጦር ከውኃ ለመለየት ያደረጉት ሁሉ በስማቸው ተጽፎላቸዋል፤ ለኢትዮጵያ ሠራዊት ስንቅ የፈጩትና የጋገሩት ሴቶች ስም ግን አልተያዘም፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል።

ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በመሆኑ ትዝታው ከብዙ ቤተሰብ አልራቀም። አዛውንት ሲጠየቁ «በቤታችሁ ማን ይፈጭ ነበር?» ተብሎ ይጀመር እንጂ ከባሪያ ዘር ስለ መወለድ ፊት ለፊት አይጠየቅ፤ ጥያቄውም ጎረቤት በሌለበት ይሁን።