ለዲሲ ሞተር የሬዚስተር ፍሬን እንዴት ይገጠማል?

የዲሲ ሞተር መብራቱ ሲቋረጥበት ወዲያው አይቆምም፤ በጉልበቱ እየዞረ ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል። ዳይናሚክ ብሬክ የሚባለው ያን ኃይል በሬዚስተር አቃጥሎ መጨረስ ነው። እዚህ የያዝነው 180 ቮልት፣ 5 አምፔር፣ 1 የፈረስ ጉልበት ያለው ቋሚ ማግኔት ሞተር ነው፤ የሚነዳውም በ220 ቮልት የሚሠራ የኤስሲአር ድራይቭ (ኤሲውን ወደ ዲሲ ቀይሮ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ) ነው።

ሬዚስተሩ፦ ፍሬኑ ከሞተሩ መደበኛ ከረንት እጥፍ ያህል፣ ማለትም 10 አምፔር ይበቃዋል። 180 ለ10 ሲካፈል 18 ኦም። ባለ 100 ዋት የሴራሚክ ሽቦ ጥቅል ይግዙ። መጀመሪያ ላይ ወደ 1,500 ዋት ያርፍበታል፤ ፍጥነቱ ሲወርድ አብሮ ስለሚወርድ ይችለዋል። ከባድ ጎማ ላለው ወይም ቶሎ ቶሎ ለሚቆም ማሽን ዋቱን ከፍ ያድርጉ። ኦሙን መቀነስ ግን ካርቦኑንና ካርቦኑ የሚነካውን የሚዞረውን የመዳብ ቀለበት (ኮሙቴተሩን) ይበላል፤ ማግኔቱንም ሊያደክም ይችላል።

ማብሪያው፦ ሁለት ኤንኦ (ኮይሉ ሲሠራ የሚገናኝ) እና ሁለት ኤንሲ (ኮይሉ ሲሠራ የሚለያይ) ዋና ኮንታክት ያለው፣ ኮይሉ 220 ቮልት የሆነ ኮንታክተር (በኮይል ማግኔት የሚሠራ ማብሪያ)፣ ከላዩም ሁለት ኤንኦ ያለው ረዳት ብሎክ (ለመቆጣጠሪያ ሽቦ የሚሆኑ ትንንሽ ኮንታክቶች)። ትንሿን ባለ 10 አምፔር ሪሌ ይተዉ። 10 አምፔሩ ለኤሲ ነው፤ በ180 ቮልት ዲሲ ብልጭታው አይጠፋም፣ ኮንታክቱም ይጣበቃል።

1. መብራቱን ያጥፉና በሜትር ያረጋግጡ። በብዙ ድራይቮች ላይ የፍጥነት ማዞሪያው ተርሚናል እንኳ ይነዝራል።

2. የድራይቩን ፖዘቲቭ በአንዱ ኤንኦ፣ ኔጋቲቩን በሌላው አሳልፈው ወደ ሞተሩ ኤ1 እና ኤ2 ያስገቡ። የኮንታክተሩ ኮይልም ኤ1፣ ኤ2 ተብሎ ነው የሚጻፍበት፤ እንዳይምታታ ሽቦው ላይ ምልክት ያድርጉ።

3. ሬዚስተሩን ከሁለቱ ኤንሲ ጋር በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትለው) አያይዘው በሞተሩ በኩል ያገናኙ። በድራይቩ በኩል ከሆነ ሥራው ፍሬን ሳይሆን ምድጃ ነው።

4. አንዱን ረዳት ኤንኦ ወደ ድራይቩ የመፍቀጃ ተርሚናል ይውሰዱ (ተርሚናሉ ሲገናኝ የሚቆም ድራይቭ ካለዎት ረዳት ኤንሲ ይጠቀሙ)። ይህ ከቀረ ሞተሩ ሲለያይ ድራይቩ ቮልቴጁን እስከ ጣሪያው ይሰቅላል፤ ተመልሶ የቆመ ሞተር ሲያገኝ ፊውዙ ወይም ኤስሲአሩ ይሄዳል።

5. ሁለተኛውን ረዳት ኤንኦ ከስታርት ቁልፉ ጎን ለጎን (በፓራለል) ያገናኙ፤ ጣትዎን ከቁልፉ ቢያነሱም ኮንታክተሩ እንደያዘ ይቆያል። መብራት ሲሄድ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ ፍሬኑም ይይዛል፤ መብራት ሲመጣ ማሽኑ በራሱ አይነሳም።

መብራት ሳይለቁ ይፈትሹ። የሞተሩን ሽቦ ከኮንታክተሩ ነቅለው በቦታው ሜትር ያድርጉ፦ 18 ኦም ማንበብ አለበት። ኮንታክተሩን በጣት ሲጫኑት 18 ኦሙ መጥፋት አለበት። ቀስ ብለው ሲጫኑ ኤንሲው ሳይለቅ ኤንኦው ከያዘ ያን ኮንታክተር አይጠቀሙ።

ሞተሩ እየሠራ ሬዚስተሩ ከሞቀ ኤንሲዎቹ ተጣብቀዋል። ሞተሩ ሳይያዝ ተንሸራትቶ ከቆመ ሬዚስተሩ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ማግኔት ሳይሆን የፊልድ ጥቅል ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ እስኪቆም ድረስ ፊልዱ መብራት አይቋረጥበት፤ ከተቋረጠ ፍሬን የለም። ሬዚስተር የቆመን ዘንግ አይዝም፤ ለዊንች (ሸክም ለሚጎትት ወይም ለሚያነሳ ማሽን) የሜካኒካል ፍሬን የግድ ነው።