ከአንድ ራውተር የሚወጡ ሁለት የዋይፋይ ስሞች፦ ቤዝመንት ለተከራዩ

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ አዲስ ገብተው ቤዝመንት የተከራዩ ወገኖቻችንን ግራ ከሚያጋቡ ነገሮች አንዱ፣ የአንዱ ቤት ዋይፋይ በስልካቸው ላይ በሁለት ስም መታየቱ ነው። ሁለቱም ስሞች የአንድ ራውተር (ኢንተርኔቱን በዋይፋይ የሚያሰራጨው መሣሪያ) ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የይለፍ ቃላቸውም አንድ ነው። ራውተሩ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገዶች ጎን ለጎን ይሠራል። በስሙ መጨረሻ የሚታየው «5ጂ» ይህንኑ 5 ጊጋኸርዝ የሚያመለክት እንጂ ከሞባይሉ አምስተኛ ትውልድ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የ5 ጊጋኸርዙ ሞገድ ሰፋፊ ቻናሎች (የመረጃ መተላለፊያ መስመሮች) ስላሉት ራውተሩ ባለበት ክፍል ውስጥ ፍጥነቱ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን ወለልና ግድግዳ ቶሎ ያደክሙታል። የ2.4ቱ ዘገም ያለ ቢሆንም አልፎ ይደርሳል። ራውተሩ ፎቅ ላይ፣ እርስዎ ቤዝመንት ከሆኑ፣ ፈጣን ነው በሚል ብቻ 5ቱን መምረጥ ስህተት ይመስለኛል፤ ለቪዲዮ ጥሪ በሰከንድ ከ1 እስከ 3 ሜጋ ቢት ብዙ ጊዜ በቂ ስለሆነ፣ ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያስፈልግዎ አለመቆራረጡ ነው።

የ2.4ቱ ችግር መጨናነቁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ካሉት 11 ቻናሎች እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ፣ አፓርታማ ውስጥ ጎረቤት ሁሉ በእነዚሁ ላይ ይጋፋል። ማይክሮዌቭም የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ይህንኑ ሞገድ ይረብሻል። እኔ ቤዝመንት በኖርኩበት ጊዜ፣ እናቴን በቪዲዮ እያነጋገርኩ ሳለ ምስሏ ድርቅ ብሎ ይቀርና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይመለስ ነበር፤ ጥፋቱን ለወራት በአገር ቤት ኔትወርክ ላይ ሳሳብብ ከቆየሁ በኋላ፣ ከላይ ወጥ የሚሞቅበት ሰዓት መሆኑን አስተዋልኩ። የቤቱን ባለቤት በትህትና ጠይቄ፣ ከማይክሮዌቩ አጠገብ የነበረው ራውተር ወደ ሳሎን፣ ከእኔ ክፍል በላይ ወዳለው መደርደሪያ ሲዛወር ችግሩ ተወገደ።

ርካሽ ካሜራዎችና አንዳንድ ፕሪንተሮች 2.4ቱን ብቻ ስለሚያውቁ፣ አልገናኝ ካሉ ስልክዎንም ወደዚያው ስም ቀይረው ይሞክሩ። የሚታየው ስም አንድ ብቻ ከሆነ፣ ምርጫውን ራውተሩና ስልክዎ ያደርጉልዎታል፤ ከፎቅ ወርደው ስልኩ ደካማውን 5 ይዞ አለቅም ሲል ግን ዋይፋዩን አጥፍተው መልሰው ያብሩት።