በጓሮ ጫጩት ማስፈልፈል፦ ከእንቁላል መረጣ እስከ ስምንተኛው ሳምንት

ጫጩት ላስፈልፍል ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የማሽን ዋጋ ነው። ከሃያ ጫጩት በላይ ካልፈለጋችሁ ማሽኑን እርሱት። አንዲት የሐበሻ ዶሮ ሙቀቱንም፣ እርጥበቱንም፣ እንቁላል ማገላበጡንም ትችልበታለች። መብራት ጠፋ አልጠፋ ጉዳይዋ አይደለም። ማሽን ግን ከ37.5 ዲግሪ አካባቢ ብዙ ሳይርቅ ሦስት ሳምንት መቆየት አለበት። ሌሊት መብራት ሄዶ ጠዋት ከመጣ ዙሩ ሊበላሽ ይችላል። ገንዘባችሁን ከተፈለፈሉ በኋላ ላለው ጊዜ አስቀምጡት። ጫጩት በብዛት የሚያልቀው ያኔ ነው።

እንቁላሉ

ከሱቅ የተገዛ የፈረንጅ እንቁላል አይፈለፈልም። ለእንቁላል ብቻ በሚያረቡ ቦታዎች አውራ ዶሮ ስለሌለ እንቁላሉ ዘር የለውም። አውራ ካለበት ቤት ውሰዱ። ገበያ ላይ የተገዛ የሐበሻ እንቁላልም አልመክርም፤ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደዋለ፣ በስንት መኪና እንደተንገጫገጨ ማን ያውቃል? ሳሶና ቦቫንስ የሚባሉት የፈረንጅ ዶሮዎች እንቁላልም አውራ ከነካው ይፈለፈላል። ነገር ግን እናቶቹ ድቅል ስለሆኑ ጫጩቶቹ እነሱን አይመስሉም።

ከተጣለ ሳምንት ያላለፈው፣ ያልተሰነጠቀ፣ መካከለኛ መጠን ያለው ይመረጣል። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ቦታ አቆዩት። ፍሪጅ አይገባም። አይታጠብምም፤ ቅርፊቱ ላይ ጀርም የሚከላከል ስስ ሽፋን አለ፣ ውኃ ያነሳዋል። ኩስ የጨማለቀውን ለቁርስ ተዉት፣ ታጥቦ ይጠበሳል።

ዶሮዋ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንድ ቀን ጎጆ ውስጥ የቆየችን ዶሮ ሁሉ «ልትታቀፍ ነው» ብሎ እንቁላል ይደረድርላታል። በሦስተኛው ቀን ጥላው ትሄዳለች። ልትታቀፍ የቆረጠች ዶሮ ምልክቷ ግልጽ ነው። መጣል አቁማለች። ሌሊትም ከሌሎቹ ጋር ቆጥ ላይ አትወጣም። እጃችሁን ስትሰዱ ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች፣ ትነክሳለች። ደረቷ ላይ ላባዋ ሳስቶ ቆዳዋ እንቁላሉን በቀጥታ ይነካል። ቦቫንስና ሎህማን የሚባሉት የፈረንጅ እንቁላል ጣዮች ይህ ጠባይ በማዳቀል ስለወጣላቸው ከእነሱ አትጠብቁ። የሐበሻ ዶሮ ግን እንዲያውም አትታቀፊ ብትባል አትሰማም።

የምትጥልበት ቦታ ለማቀፍ አይሆንም። ሌሎቹ እየገቡ እላይዋ ላይ ይጥላሉ፣ እንቁላል ይሰበራል። ጨለም ያለ፣ ዝናብ የማይገባበት፣ ድመትና ሸለምጥማጥ የማይደርስበት ጥግ አዘጋጁላት። ካርቶን ወይም ሰፋ ያለ ቅርጫት በቂ ነው። ከታች ደረቅ አፈርና ትንሽ አመድ፣ ከላይ ጭድ አድርጉ። አመዱ ለቅማልና ለቁንጫ ይረዳል። ተባይ የበላት ዶሮ ምንም ጥሩ እናት ብትሆን ጎጆዋን ትለቃለች።

ዝውውሩ ማታ ይሁን፣ ጨልሞ። በቀን ያዛወራችኋት ዶሮ ተነስታ የድሮ ቦታዋን ትፈልጋለች። እዚያው ላይ ዋናዎቹን እንቁላሎች አትስጧት። ሁለት ሦስት የሱቅ እንቁላል አድርጉላትና ሁለት ቀን እዩዋት። ከረጋች በሦስተኛው ማታ የሱቆቹን አውጥታችሁ ዋናዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ክተቱ። ዛሬ አምስት፣ ከነገ ወዲያ አራት ማለት አይሠራም። የመጀመሪያዎቹ ሲፈለፈሉ እናትየው ጫጩቶቿን ይዛ ትወጣለች፣ የቀሩት ይበርዳሉ።

ስንት? እናቶቻችን «ጎዶሎ ይሁን» ይላሉ። ለመብረቅ ብለው ከሰል ወይም ብረት የሚያስቀምጡም አሉ። አልከራከርም፤ ለአንድ የሐበሻ ዶሮ 11 በቂ ነው። ደርዘን ካለፈ ዳር ዳሩ ይበርዳል። የፈረንጅ ትልልቅ እንቁላል ከሆነ ወደ 9 ዝቅ አድርጉ።

እንቁላሎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። እስክሪብቶና ማርከር ይቅር፣ ቅርፊቱ ይተነፍሳል። ምልክት የሌለው እንቁላል ካያችሁ ሌላ ዶሮ ገብታ ጥላለች፤ አውጡት። ቀኑንም ጻፉ። መስከረም 10 ማታ ካስታቀፋችሁ ጥቅምት 1 አካባቢ ይፈለፈላሉ፣ 21 ቀን ማለት ነው። ክረምት ላይ ባታስታቅፉ ይሻላል። ብርድና እርጥበት ጫጩት ይጨርሳሉ።

በመሃል ያሉት ቀናት

ውኃና በቆሎ ወይም ስንዴ አጠገቧ አድርጉና ተዉዋት። በቀን አንዴ ለሩብ ሰዓት ያህል ትወጣለች፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ኩሷን ትጥላለች፣ አፈር ትታጠባለች። ጨርሶ የማትወጣ ከሆነ በእጅ አንስታችሁ አውጧት።

በሰባተኛው ማታ እንቁላሎቹን በስልክ መብራት እዩ። ክፍሉ ይጨልም፣ መብራቱን በወፍራሙ ጫፍ በኩል አስጠጉት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ ደም ሥርና መሃሉ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ሕይወት አለ። እንደ አምፖል የጠራው ዘር የለውም። ቀይ ቀለበት ብቻ የሚታይበት ጀምሮ ሞቷል። ሁለቱንም አውጡ። የበሰበሰ እንቁላል ሥሯ ሊፈነዳ ይችላል፣ ሽታውም ሆነ ጀርሙ ለሌሎቹ አይበጅም። ያጠራጠራችሁን መልሳችሁ በ14ኛው ቀን እንደገና እዩት።

ከ18ኛው ቀን በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ እስኪወጣ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። ያርፋል፣ ይጮኻል፣ እናቲቱ ትመልስለታለች፣ እንደገና ያርፋል። ሰው ያሳዝነውና «ላግዘው» ብሎ ቅርፊቱን ይልጣል። በዚያ ሰዓት አስኳሉ ወደ ሆዱ ገብቶ አላለቀም፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ደም ሥርም አልደረቀም። ሲላጥ ይደማል፣ ይሞታል። ቀድሞ የወጣው ራበው ብላችሁም አትጨነቁ። የዋጠው አስኳል ሁለት ቀን ያቆየዋል። እናቲቱ ራሷ ይዛቸው ስትወጣ የቀረውን እንቁላልና ቅርፊት ጥረጉ።

ጫጩቶቹ

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እናትና ልጆችን አጥር ውስጥ አቆዩ። ጓሮ ለቃችሁ «እናታቸው ትጠብቃቸዋለች» ካላችሁ ጭልፊት በየቀኑ አንድ አንድ ይወስዳል። የሽቦ ወንፊት ያለው ሳጥን ከሌለ ትልቅ ቅርጫት ድፉባቸው። ውኃው ጥልቀት በሌለው ሳህን ይሁን፣ ጠጠር ጨምሩበት፤ ጫጩት በሁለት ጣት ውኃ ይሰምጣል። ከሥራቸው ያለው ጭድ ይድረቅ። እርጥብ ጭድ ኮክሲዲያ የሚባለውን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ ካያችሁ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አምፕሮሊየም አለ።

እናት የሌላቸውን ጫጩቶች ከገዛችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ትቀንሱላቸዋላችሁ። ቴርሞሜትር ባይኖር እነሱን እዩ። እላይ በላይ ከተከመሩ በርዷቸዋል፣ አፋቸውን ከፍተው ዳር ከያዙ ሞቋቸዋል። ሌሊት መብራት ለማይታመንበት ሰፈር የሣር ሳጥን ጥሩ ነው። ሳጥን በሳጥን ውስጥ ሆኖ መሃሉ ድርቆሽ ይታጨቅበታል፣ በራሳቸው ሙቀት ያድራሉ።

ምግብ ላይ አትቆጥቡ። የእንጀራ ፍርፋሪ ሆድ ይሞላል እንጂ ጫጩት አያሳድግም። የጫጩት መኖ ግዙ። የእንቁላል ጣዮቹ መኖ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊታቸውን ይጎዳል፤ ርካሽ ሆኖ ብታገኙትም ለጫጩት አይሆንም። ምስጥና የተከተፈ ጎመን በላዩ ላይ ከተገኘ እሰየው።

ክትባት ግን የግድ ነው። ፈንግል የሚባለው የዶሮ ወረርሽኝ ገባ ማለት ግቢው በሳምንት ውስጥ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ከያዘ በኋላም መድኃኒት የለውም። ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። በመጀመሪያው ሳምንት ኤች ቢ ዋን የሚባለው ክትባት ዓይናቸው ውስጥ ጠብ ይደረጋል፣ በኋላ ላሶታ የሚባለው ይከተላል። ቀኑን የእንስሳት ሐኪም ያስተካክልላችሁ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው፣ ከተበጠበጠ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ተዋጡና በአንድ ቀን አስከትቡ። ስታመጡት በበረዶ ይሁን፤ ኪስ ውስጥ የሞቀ ክትባት ውኃ ነው።

በስምንተኛው ሳምንት ግድም ልጆቹ ራሳቸውን ይችላሉ፣ እናትየውም ወደ መጣሏ ትመለሳለች። ግማሽ ያህሉ አውራ ይሆናሉ። አንድ አውራ ለአሥር ዶሮ ስለሚበቃ ትርፎቹን ለበዓል አሳድጉ። ለሚቀጥለው ዙር ግን አውራውን ከሌላ ቤት አምጡ፤ ወንድምና እህት ሲዳቀሉ የሚፈለፈለው እንቁላል እያነሰ ይሄዳል።